የቀይ ባሕር ጥይትና የመርካቶ ሴራሚክ፦ 24 መልስ የወጣው ክር

የክሩ (የአንድ ጥያቄና የተከታታይ መልሶቹ) መነሻ ጽሑፍ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ የተለጠፈው በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ የየመን ሁቲ ታጣቂዎች ማጂክ ሲስ እና ኢተርኒቲ ሲ የተባሉትን ሁለት የጭነት መርከቦች በተከታታይ ቀናት መትተው ባሰጠሙበት ሰሞን ነው። ጠያቂው ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ለመድረኩ ታላላቆች ሰላምታ ሰጥቶ በቀጥታ ወደ ጥርጣሬው ይገባል። ሴራሚክ ሻጩ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ቀይ ባሕርን ይጠራል። ካርታው ግን ሌላ ይናገራል። ጂቡቲ ያለችው ከባብ ኤል መንደብ፣ ከቀይ ባሕር ደቡባዊ ጠባብ በር፣ ውጭ፣ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚከፈተው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ነው። ከቻይናዋ ፎሻን የተጫነ ሴራሚክ በማላካና በህንድ ውቅያኖስ አድርጎ ጂቡቲ ዶራሌ ወደብ ይራገፋል እንጂ ያንን ጠባብ በር አያየውም። ታዲያ ምን ቤት ነው የየመን ሚሳይል? ደግሞስ የዓለም የኮንቴይነር ኪራይ በ2024 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ከደረሰበት ጫፍ ከግማሽ በታች ወርዶ ሳለ፣ የካሬ ሜትሩ ዋጋ ለምን አብሮ አልወረደም?

መልስ 1 ጠያቂውን ያመሰግናል። ጂኦግራፊው ልክ ነው ይላል፤ ከህንድ፣ ከዱባዩ ጀበል አሊና ከማሌዥያ የሚመጣውም በሩን አያልፍም። በሩን የሚያልፈው የአውሮፓ፣ የቱርክ፣ የጥቁር ባሕርና የሞሮኮ ጭነት ነው።

መልስ 2 አንድ መስመር ናት፤ ነጋዴ ሰበብ አጥቶ አያውቅም ብላ ታልፋለች። ስድስት ሰው ወዶላታል።

መልስ 3 ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ጸሐፊው በመርከብ ወኪልነት እንደሚሠራ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ካርታ የሚያየው ሰው መርከቡ የት እንደሚያልፍ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ መጠየቅ ያለበት ግን መርከብ አለ ወይ ብሎ ነው። በየሳምንቱ አንድ መርከብ የሚያቀርብ መስመር፣ ደርሶ መልሱ ስንት ሳምንት ከፈጀ ያንኑ ያህል መርከብ ይፈልጋል። የእስያና የአውሮፓ ዙር 12 ሳምንት ይፈጅ ከነበረ 12 መርከብ ነው። ከሲንጋፖር ሮተርዳም በስዊዝ 8,400 ገደማ የባሕር ማይል ነው፤ በኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ ሲዞር ወደ 11,800 ይደርሳል። በ14 ኖት (በሰዓት 14 የባሕር ማይል) ፍጥነት ልዩነቱ በአንድ ጉዞ 10 ቀን፣ በደርሶ መልስ ወደ ሦስት ሳምንት ነው። ዙሩ 15 ሳምንት ሆነ ማለት ያው አገልግሎት 15 መርከብ ጠየቀ ማለት ነው። ሦስቱ ተጨማሪዎች ከየት ይመጣሉ? ትርፋቸው ከቀነሰው መስመሮች። የጂቡቲ መስመር ደግሞ ትርፉ ከቀነሰው አንዱ ነው፤ ሙሉ ገብቶ ኮንቴይነሩ ባዶውን የሚመለስበት ወደብ ነው። ጥይቱ ሴራሚኩን አልነካውም፤ ሴራሚኩን የሚጭነውን መርከብ ግን ሌላ ቦታ ወሰደው።

ይህ ማብራሪያ በግሌ ከሰማኋቸው ሁሉ ግልጹ ነው። የሚገርመው ከመልስ 2 ያነሰ ሰው ነው የወደደለት።

መልስ 4 በመልስ 3 ላይ ሁለት ነገር ይጨምራል። አንደኛው የጦርነት አደጋ መድን ነው። ለንደን ያሉት የባሕር መድን ገበያ ሰዎች አደገኛ ብለው የመዘገቡት ደቡባዊውን ቀይ ባሕር ብቻ ሳይሆን የኤደንን ባሕረ ሰላጤም ስለሆነ፣ በሩን ባያልፍም ጂቡቲ የሚደርስ መርከብ ክልሉ ውስጥ ይገባል። ሂሳቡ የሚሠራው በመርከቡ ዋጋ ላይ ነው፤ አንዴ ሲከፈል ብዙውን ጊዜ ለ7 ቀን ያገለግላል። 30 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣና 1,700 ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የሚይዝ መርከብ ቢወሰድ፣ ከጥቃቱ በፊት በ0.05 በመቶ 15,000 ዶላር ይከፍላል፤ ለኮንቴይነር 9 ዶላር ገደማ ነው። በ2024 መጀመሪያ ቀይ ባሕርን ለሚያቋርጡ በተጠየቀው በ0.7 በመቶ ግን 210,000 ዶላር ይሆናል፤ ለኮንቴይነር 124። ጂቡቲ ብቻ ደርሶ የሚመለስ ይደራደራል፣ ነገር ግን ወደ 9 አይመለስም። ሁለተኛው ጅዳ ነው። ትልልቆቹ መርከቦች ጭነት አራግፈው ትንንሾቹ የሚያከፋፍሉባት ወደብ ነበረች፤ ትልልቆቹ ሲቀሩ ማከፋፈሉ ወደ ኦማኗ ሳላላና ወደ ጀበል አሊ ዞረ፤ እዚያ ደግሞ ወረፋ ነው።

መልስ 5 ወደ አገር ውስጥ ያስገባናል። የጉምሩክ ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ነው። የባሕር ኪራይ በ1,000 ዶላር ሲጨምር ሴራሚኩ ላይ የሚያርፈው 1,000 ዶላር አይደለም፤ ቀረጥ የሚሰላው ዕቃው፣ መድኑና ማጓጓዣው ተደምሮ ነውና። የቀረጥ መደቡ 30 በመቶ ነው ብለን እንያዝ ይልና (ትክክለኛውን ከታሪፍ መጽሐፉ በዕቃው ኮድ ማየት ነው) ደረጃ በደረጃ ያወርደዋል። ቀረጥ 300 ዶላር። ተጨማሪ እሴት ታክስ በ1,300 ላይ 15 በመቶ፣ 195። ሱር ታክስ ቫቱም ከተጨመረበት ከ1,495 ላይ 10 በመቶ፣ 149.50። ቅድመ ግብር 3 በመቶ፣ 30። የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ 3 በመቶ፣ ሌላ 30። 1,000 የነበረው 1,704.50 ሆነ። ሴራሚክ ከባድ ስለሆነ በባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ነው የሚመጣው፤ 26 ቶን ቢጫን፣ ካሬው 20 ኪሎ ሲመዝን 1,300 ካሬ ሜትር ይወጣዋል። ለካሬ 1.31 ዶላር ማለት ነው፤ በ130 ብር ምንዛሪ 170 ብር።

መልስ 6 ጨዋ እርማት ነው። ቫቱና ቅድመ ግብሩ ወጪ ተብለው መቆጠር የለባቸውም፤ የተመዘገበ አስመጪ ቫቱን ሲሸጥ ያቻችለዋል፣ ቅድመ ግብሩም ከዓመቱ ትርፍ ግብር ይቀነስለታል። ሁለቱ ሲወጡ 1,479.50 ይቀራል፤ ለካሬ 148 ብር።

መልስ 7 የመልስ 5 ጸሐፊ ነው፤ እርማቱን ተቀብሎ አንድ ነገር ያስታውሳል። የሚቻቻለው ቫት ዕቃው እስኪሸጥ ከካዝና ወጥቶ የተቀመጠ ብር ነው፤ በባንክ ብድር ለሚሠራ ሰው ወለድ ይቆጥርበታል። ሱር ታክሱና ቀረጡ ግን የትም አይመለሱም።

መልስ 8 አዲስ ገቢ ይመስላል። አስመጪው ዋጋውን በቀጥታ ከሻጩ ጋር እስከ ጂቡቲ ድረስ ጠቅልሎ ቢዋዋል አይገላገልም ወይ ሲል ይጠይቃል። መልስ 9 ይመልስለታል፦ በኤልሲ (ባንክ ለሻጩ እንደሚከፍል በሚሰጠው የዋስትና ሰነድ) የሚገዛ ዕቃ በመርህ ደረጃ ኤፍ.ኦ.ቢ (ሻጩ መርከብ ላይ ጭኖ፣ የመርከቡን ኪራይ ገዢው የሚከፍልበት ውል) ነው የሚገዛው፤ ማጓጓዙ የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሥራ ነው፤ መድኑም ከአገር ውስጥ ኩባንያ ይገዛል። ድርጅቱ በማይደርስበት መስመር ፈቃድ ተጠይቆ በሌላ መርከብ ይጫናል። ኮንቴይነር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጫነው ከውጭ መስመሮች ላይ በተከራየ ቦታ ነው፤ ስለዚህ የመርከቡ ባንዲራ የማንም ይሁን የማን፣ መልስ 3 ያለው እጥረት ዞሮ ዞሮ ይደርሳል።

መልስ 10 የጠያቂውን ሁለተኛ ጥያቄ ያነሳል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ መጀመሪያ የባንክ ምንዛሪ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፤ ይህ ክር ሲከፈት ከ130 በላይ ነበር። ኪራዩ ጫፍ ላይ 3,000 ዶላር ነበር ቢባል በ57 ብር 171,000 ነው። ዛሬ በግማሽ ወርዶ 1,500 ቢሆን በ130 ብር 195,000 ነው። በዶላር ግማሽ የረከሰ ነገር በብር 24,000 ጨመረ፤ ሻጩን ባትሰድቡት ጥሩ ነው ይላል።

መልስ 11 እዚህ ላይ ይቆጣል። ይህ ሂሳብ ደብተር ላይ ያምራል፣ መርካቶ ውስጥ ግን አይሠራም፤ ማነው በ57 ብር ዶላር አግኝቶ ሴራሚክ ያመጣ? ሴራሚክ በባንክ ወረፋ ቅድሚያ አያገኝም ነበር። ዶላሩ የሚገኘው በትይዩ ገበያ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ከለውጡ በፊትም ከ110 በላይ ነበር። ስለዚህ ለዕቃውም ለኪራዩም አስመጪው ድሮውኑ የከፈለው በውድ ብር ነው። በ57 ይታሰብለት የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ጉምሩክ። እዚህ የመልሱ ቁልፍ አለ። ጂቡቲ ሲደርስ 8,000 ዶላር የተገመተ ኮንቴይነር በመልስ 5 ስሌት 5,636 ዶላር ግብርና ቀረጥ አለበት። በ57 ብር 321,252 ነው። በ130 ብር 732,680። ዕቃው ያው፣ ባሕሩ ያው፣ ዲክላራሲዮኑ ላይ ያለው ብር ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። በካሬ 316 ብር ልዩነት ነው፤ ኪራይ በ1,000 ዶላር ቢጨምር ከሚያመጣው 170 ብር በእጥፍ ሊጠጋ ምን ቀረው?

ክሩ እዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር። አላበቃም፤ መልስ 12 የመልስ 10ን ጸሐፊ የመንግሥት አፍ ይለዋል፣ የመልስ 11ን ደግሞ የጥቁር ገበያ ጠበቃ። ማስረጃ አላመጣም፤ ሁለቱም አልመለሱለትም።

መልስ 13 ወሬውን ከሚገባው ወደሚወጣው ዕቃ ያዞራል። ስለ ሴራሚክ ስታለቅሱ ቡናውን ረሳችሁት ይላል። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ጆንያዎች፣ 19.2 ቶን ቡና ይጭናል። ውሉ ኤፍ.ኦ.ቢ ጂቡቲ ከሆነ ኪራዩን የሚከፍለው ገዢው ስለሆነ ላኪው አልተጎዳም ይመስላል። ክፍያው ግን በሰነድ ልውውጥ ነው፤ ሰነዱ ሃምቡርግ ያለ ባንክ በፖስታ በቀናት ይደርሳል፣ ቡናው በአፍሪካ ጫፍ ይዞራል። ገዢ ደግሞ መርከቡ ሳይቃረብ ገንዘብ አይለቅም። 120,000 ዶላር የሚያወጣ ኮንቴይነር 20 ቀን ቢዘገይና የላኪው ብድር ወለድ 16 በመቶ ቢሆን፣ 1,052 ዶላር በወለድ ይበላል። ፍቱኑ ነገር ውሉ ላይ መክፈያው ቀን ሰነዱ ባንክ በደረሰ በዚህን ያህል ቀን ብሎ መጻፍ ነው፤ ዕቃው ሲደርስ የሚል ቃል ከገባበት ላኪው ገዢውን በነፃ እያበደረ ነው።

መልስ 14 መልስ 1ን ጠቅሶ፣ በሩን በእውነት ስለሚያልፈው ጭነት ይናገራል፦ ከሞሮኮ ስለሚመጣው ኤን.ፒ.ኤስ ማዳበሪያ። በጅምላ መጥቶ ወደቡ ላይ በ50 ኪሎ ከረጢት ይሞላል፤ 50,000 ቶን የጫነ መርከብ አንድ ሚሊዮን ከረጢት ነው። በቶን 10 ዶላር የኪራይ ጭማሪ በኩንታል አንድ ዶላር ነው። 130 ብር ለመርካቶ ሴራሚክ ገዢ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ጎጃም ላለ ገበሬ ግን የሚጠይቀው ብዙ ነው። ከዋጋውም ይልቅ የሚያስፈራው ጊዜው ነው፤ ለመኸር ያልደረሰ ኤን.ፒ.ኤስ ለዚያ ዓመት ማዳበሪያ አይባልም። በየካቲት 2024 የተመታችውና ኋላ የሰጠመችው ሩቢማር ከ20,000 ቶን በላይ ማዳበሪያ ይዛ እንደነበርም ያስታውሳል።

ከዚያ የተፈራው መጣ። መልስ 15 ይህ ሁሉ ሂሳብ ከንቱ ነው፣ መድኃኒቱ አሰብ ነው ይላል፤ ረጅም ነው፣ ታሪክም አለበት፣ ቁጥር ግን የለበትም።

መልስ 16 በሦስት ዓረፍተ ነገር ይመልስለታል። አሰብ ከባብ ኤል መንደብ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በሩ ውስጥ ነው። ዛሬ ሳያልፈው የሚመጣው የቻይና ሴራሚክ አሰብ ለመድረስ በሩን ማለፍ ሊኖርበት ነው። ስለ ሉዓላዊነት መከራከር ይቻላል፤ ስለ ኪራይ ግን አሰብን አታንሱብን።

መልስ 17 ይህን በክህደት ደረጃ ነው የወሰደው። ስድቡን አልደግመውም። መልስ 18 ሊያበርድ ይሞክራል፦ አሰብ እስከ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ ዋናው በራችን እንደነበር፣ የወደብ ምርጫ መኖሩ ለመደራደር እንደሚጠቅም፣ ከምርጫዎቹ ከበሩ ውጭ ያለው ግን በርበራ እንደሆነ፣ ኢትዮጵያ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ከሶማሌላንድ ጋር ከፈረመችው ሰነድ በኋላም በታኅሣሥ ወር ከሶማሊያ ጋር አንካራ ላይ ሌላ መግለጫ እንደወጣ። መልስ 19 የአወያዩ ነው፤ ሁለት መልስ መሰረዙንና አሰብን የሚመለከት ሌላ ክር መከፈቱን ያሳውቃል። እዚያ ገብቼ አይቼዋለሁ፣ አትሂዱ።

መልስ 20 ከአፍሪካ ቀንድ ወጣ ብሎ ያያል። በዚህ ጦርነት አንድ ጥይት ሳይተኩሱ ከከፈሉት ግንባር ቀደሟ ግብፅ ናት። የስዊዝ ቦይ ገቢ በ2023 ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ በ2024 ወደ 4 ቢሊዮን ወረደ። ፓውንዱም በመጋቢት 2024 ሲለቀቅ ከ31 ወደ 50 ገደማ ሄደ። ግብፅን ትንሽ አገር ማለት ይቻላል ወይ ብሎ ራሱ ይጠይቅና፣ በዶላር ወረፋ ፊት ሁላችንም ትንሽ ነን ብሎ ራሱ ይመልሳል። ስንዴዋን ሁሉ ማለት ይቻላል ከውጭ የምታስገባውን የመንን ግን አላነሳም፤ ማንሳት ነበረበት።

መልስ 21 ለመልስ 11 ይመልሳል፣ በጨዋነት ግን በጥብቅ። ምንዛሪው ለብቻው የመጣ አድርገህ ቆጠርከው፤ ከዓለሙ ውጥረት ጋር የሚያገናኘው ክር አለ። ኢትዮጵያ በ2014 እ.ኤ.አ. ለውጭ አበዳሪዎች የሸጠችው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ (የዕዳ ሰነድ) ወለዱ 6.625 በመቶ ነበር፤ በየስድስት ወሩ 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። በታኅሣሥ 2023 ያቺ ክፍያ ታለፈች፤ የተበዳሪ ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች አገሪቱን ካልከፈሉት ተርታ ጻፏት። የዕዳ ሽግሽጉ ማመልከቻ የገባው በ2021 ነው፤ አበዳሪ መንግሥታቱ በመርህ የተስማሙት በመጋቢት 2025። ምዕራባውያኑና ቻይና በአንድ ጠረጴዛ ካልተቀመጡ ደግሞ የትኛውም ሽግሽግ አይቋጭም፤ የእነሱ መኮራረፍ ለእኛ ዓመታት ነው። የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይ.ኤም.ኤፍ) የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር የጸደቀው ምንዛሪው በተለቀቀበት ቀን ነው፤ አጋጣሚ አይደለም። በተግባር ምን ማለት ነው? የውጭ ሻጭ የኢትዮጵያ ባንክ የከፈተውን ኤልሲ ብቻውን አያምንም፤ ሌላ ባንክ እንዲያጸናለት ይጠይቃል። ያ ባንክ ደግሞ ወይ ሙሉ ገንዘቡን አስቀድሞ ይይዛል፣ ወይ ክፍያውን ከፍ ያደርጋል። ያም ሴራሚኩ ላይ ያርፋል።

መልስ 22 ጠያቂው ነው። ተመልሶ መጥቶ ጥያቄውን ማረሙ ደስ ይላል። ባሕሩ ሰበብ ብቻ ነው ያለውን አንስቷል፤ ነገር ግን ሻጩ ባሕሩን ሲጠራ ከባሕሩና ከጉምሩኩ ጭማሪ ትንሹን እየጠራ እንደሆነ ገብቶኛል ይላል። ቀጥሎም ለአስመጪዎች ተግባራዊ ምክር ይለምናል።

መልስ 23 ይሰጠዋል፤ እንደገባኝ ከመልስ 3 ጸሐፊ ነው። ተጨማሪ ክፍያ የሚታሰበው ውል በተፈረመበት ሳይሆን መርከቡ በተጫነበት ቀን ነው። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ ሁሉንም ያጠቃለለ አንድ ቁጥር፣ እስከ ስንት ቀን እንደሚጸና ተጽፎ ይሰጣችሁ። ኮንቴይነሩ መርከብ አምልጦት ለቀጣዩ ሳምንት ቢተላለፍ በአሮጌው ዋጋ ወይስ በአዲሱ ይጫናል የሚለውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ጭቅጭቁ ሁሌ ከዚያ ነው የሚነሳው። ሰነዱን መርከቡ ሳይደርስ ባንክ አስወጡ፤ መርከቦች ዘግይተው ሲመጡ ተከማችተው ነው የሚመጡት፣ የነፃ ቀኖቹ ቆጠራ ግን የእናንተን ሰነድ አይጠብቅም። የዴመሬጁ (ከነፃ ቀኖቹ በላይ ለቆየ ኮንቴይነር የሚከፈለው) ሂሳብ በዶላር ነው፤ እሱንም በ130 አባዙት።

መልስ 24 ከሴራሚክ ሱቅ የሚጽፍ ሰው ይመስላል፤ እስካሁን ዝም ብሎ ያነብ ነበር። ስለ ካሬ ሜትር ስታወሩ ዋላችሁ፣ መርካቶ ግን የሚነገረው የካርቶን ዋጋ ነው ይላል። የ60 በ60 ካርቶን አራት ፍሬ፣ 1.44 ካሬ ነው፤ የ30 በ60 ካርቶን ስድስት ፍሬ፣ 1.08 ካሬ። ጠያቂው ያምናውንና የዘንድሮውን ዋጋ ሲያወዳድር የትኛውን ካርቶን ከየትኛው ጋር እንዳወዳደረ ቢነግረን።

ጠያቂው እስካሁን አልመለሰም።